የአንድ ተራ ግስ ፍቺዎች እና የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት

«ሴት» የሚባለው የእንግሊዝኛ ግስ በሦስት ፊደል ይጻፋል። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሲሚንቶ ሲደርቅ፣ የተሰበረ አጥንት ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ገበታ ሲሰናዳ፣ የደወል ሰዓት ሲሞላ እንግሊዞች የሚጠቀሙት በዚሁ ግስ ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው የኦክስፎርድ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እትም ለግሱ 430 ያህል ፍቺ የሰጠ ሲሆን፣ ማብራሪያው ብቻ 60,000 ያህል ቃላት ፈጅቷል። ይህ ቁጥር የተገኘው ረጅም ዘመን በፈጀ የእጅ ሥራ ነው።

ከኦክስፎርዱ መዝገብ በፊት ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ትልልቅ ግሶችን በዝርዝር ፈትቷል። መውሰድን ለሚያመለክተው «ቴክ» 134 ፍቺ ሰጥቶታል። ጆንሰን የሠራው ከጥቂት ገልባጮች ጋር ነበርና ለአንድ ሰው ይህ ብዙ ነው። በ1857 ግን በለንደን የሥነ ልሳን ማኅበር ፊት ንግግር ያደረጉት ሪቻርድ ትሬንች እስከዚያ የነበሩት መዛግብተ ቃላት ሁሉ ጎዶሎ መሆናቸውን አሳዩ። የእያንዳንዱ ቃል የሕይወት ታሪክ ከውልደቱ ጀምሮ መጻፍ እንዳለበትም ተከራከሩ። ማኅበሩ ኋላ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት የሆነውን ሥራ ጀመረ፤ ሆኖም የመጀመሪያው አርታኢ ኸርበርት ኮልሪጅ በ1861 በ30 ዓመቱ ሞተ፤ ተተኪው ፍሬድሪክ ፈርኒቫል በበኩሉ ሥራውን ዳር ማድረስ አልቻለም።

በ1879 ኃላፊነቱን የተረከበው በሚል ሂል የሚያስተምረው ስኮትላንዳዊው ጄምስ መሪ ነበር። በግቢው ውስጥ የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ በግድግዳው ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ትንንሽ የወረቀት ማስቀመጫዎች ደረደረ። በጎ ፈቃደኛ አንባቢዎች ጥቅስ የገለበጡበት፣ በጆንያ ተሞልቶ የተረከበው ቁራጭ ወረቀት ወደ ሁለት ቶን ይመዝን ነበር። ከጆንያዎቹ በአንዱ የሞተ አይጥ፣ በሌላው ከነልጆቿ ጎጆ የሠራች አይጥ ተገኝታለች። የአንድ ፊደል ወረቀቶች ፍሎረንስ ድረስ ሄደው ነበር፤ የሌላው ከፊሉ አየርላንድ ውስጥ በአንድ ጋጣ እሳት ማያያዣ ሆኗል።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። በጎ ፈቃደኛው አንባቢ ቃሉን በወረቀቱ ራስጌ ይጽፍና ዘመኑን፣ ደራሲውን፣ መጽሐፉንና ገጹን አስከትሎ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ይገለብጣል። ወረቀቶቹ በፊደል ተራ፣ የአንድ ቃል የሆኑት ደግሞ በዘመን ቅደም ተከተል ይደረደራሉ። ለዚህ ሥራ የመሪ ልጆች ሳይቀሩ ለኪስ ገንዘብ ተሰልፈዋል። ከዚያ በኋላ አርታኢው የሚመሳሰሉትን ዓረፍተ ነገሮች ለይቶ ያከማቻል፤ እያንዳንዱ ክምር አንድ ፍቺ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ተራ ቃላት ያስቸገሩት። አንባቢዎች እንግዳ የሆነባቸውን ቃል ይመዘግባሉ፤ ዘወትር የሚናገሩትን ግን ሳያዩት ያልፋሉ። መሪ ራሱ እንዳማረረው፣ ማንም የማይጠቀምበት «አቢውዥን» 50 ያህል ወረቀት ሲኖረው፣ የዘወትሩ «አቢውዝ» አምስት እንኳ አልሞላም። ስለዚህ በ1879 ለሕዝብ ባሰራጨው ጥሪ ለተራ ቃላትም ትኩረት እንዲሰጥ ጠየቀ፤ ጎደሎውን ለመሙላትም እሱና ረዳቶቹ ራሳቸው ብዙ ጥቅስ ሲፈልጉ ኖረዋል። ትልቁ ውለታው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ሥራው በአሥር ዓመት ያልቃል ተብሎ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ሲወጣ ግን የደረሰው ጉንዳን እስከሚባለው «አንት» ድረስ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት ይህን ክፍል በጋዜጣ የገመገመው ሄንሪ ብራድሊ፣ ቀድሞ በሼፊልድ የቢላዋ ፋብሪካ ጸሐፊ የነበረ በራሱ ጥረት የተማረ ሰው፣ ኋላ ከአርታኢዎቹ አንዱ ሆነ፤ «ሴት»ን ያካተተው የኤስ ፊደል መጀመሪያም የእሱ ድርሻ ነበር። መሪ በ1915 ቲ ፊደል ላይ ሳለ አረፈ፤ ብራድሊም በ1923 ተከተለው። መዝገቡ በ1928 ሲጠናቀቅ ከ414,000 በላይ ቃላትና ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ጥቅሶች ይዞ ነበር።

«ሴት» በፍቺ ብዛት ቀዳሚነቱን ይዞ የቆየው ሦስተኛው እትም እስኪዘጋጅ ነው። በ2011 መሮጥን የሚያመለክተው «ራን» 645 ፍቺ ተቆጥሮለታል፤ አርታኢው ፒተር ጊሊቨር ይህን አንድ ግስ ብቻ ሲያበጥር ዘጠኝ ወር ፈጅቶበታል። ከኢንዱስትሪ አብዮት ወዲህ ባቡር፣ ሞተርና ፋብሪካ፣ በኋላም የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሠሩ በዚሁ ግስ መነገራቸው ፍቺውን አብዝቶታል።