እንቁላሉ ማንን መታ?

ወዳጆቼ፣ የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና ካለ ይቅረብላችሁና ቀስ እያላችሁ አንብቡት።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጥያቄ ልኮልኝ ነበር። ፈረንጆቹ አገር ወጣቶች በትልልቅ ማስታወቂያዎች ላይ ሲቀልዱ፣ ሱቅ ገብተው ትያትር ሲሠሩ፣ "ግዛ፣ ግዛ፣ አሁንም ግዛ" የሚለውን ኑሮ ሲያላግጡበት ቪዲዮ አይቶ ነው። "መምህር፣ እኛ አገርስ እንዲህ ዓይነት ነገር ኖሮ ያውቃል?" ይላል።

አዎ፣ ኖሯል። ያውም የታወቀው የእኛ ታሪክ አሳቅቆ የጀመረና አንገት አስደፍቶ ያለቀ ነው። ከ30 ዓመት በላይ ታሪክ ሳስተምር ስለ መሬት ለአራሹ ሁሌም እናወራ ነበር፤ ይህችን ግን የመማሪያ መጽሐፉም እኛ መምህራኑም በአንድ መስመር እናልፋታለን። እስኪ ዛሬ ቆም እንበልባት።

ቀኑ መጋቢት 21፣ 1960 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ። ቦታው ስድስት ኪሎ፣ የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ። ቤቱ ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት የሰጡት። እዚያ አዳራሽ ውስጥ የፋሽን ትርኢት ተሰናዳ። አዲስ ልብስ፣ አጭር ቀሚስ፣ የተጋበዙ እንግዶች፣ ልብሱን ለብሰው የሚያሳዩ ወጣት ሴቶች።

ደጁ ላይ ደግሞ ተማሪዎች ተሰብስበዋል። አብዛኞቹ ወንዶች ናቸው። የበሰበሰ እንቁላል ይዘዋል። እንግዶቹ ሲመጡ ስድቡ፣ ፉጨቱ፣ ውርወራው ተጀመረ። ተመልካች ለመሆን የመጡ ሴቶች ተጎነተሉ፣ ተዋረዱ። ፖሊስ ገባ፣ ተማሪዎች ታሠሩ፣ ነገሩ ከግቢው ወጥቶ ወደ ከተማ ተዛመተ፣ ዩኒቨርሲቲውም ለጊዜው ተዘጋ። እንግዲህ አስቡት፣ በአንድ የልብስ ትርኢት ሰበብ!

አሁን ስናየው "ምን አስቆጣቸው? ልብስ አይደል እንዴ?" እንል ይሆናል። ግን የልጆቹን ክርክር በቅን ልቦና እንስማው። የሚሉት እንዲህ ነው፤ አብዛኛው ሕዝብ ባዶ እግሩን በሚሄድበት አገር፣ ወጣቱን የማያመርተውንና የማያስፈልገውን የውጭ ዕቃ እንዲመኝ ማድረግ ለቅንጦት ዕቃ ገበያ ማመቻቸት ነው። ሽጉጥ ሳይተኮስ በቁም ሳጥን በኩል የሚገባ ቅኝ ግዛት ነው። ይህን ያሉት በ1960 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ሸማች ባህል የሚጻፈው ክርክር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ደግሞም ከሰማይ የወረደ ቁጣ አልነበረም። ተማሪው ከዚያ በፊት በግጥም ጀምሯል። በኮሌጅ ቀን በዓል ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ግጥም ይነበብ ነበር፤ የታምሩ ፈይሳ "ድሃው ይናገራል" የተሰማው እንዲህ ባለው መድረክ ላይ ነው። በ1957 "መሬት ለአራሹ" ብለው ወጡ። በ1958 ደግሞ መንግሥት ለማኞችን ከከተማው እየለቀመ ሾላ በሚባለው ካምፕ ሲያጉር "ድህነት ወንጀል ነው ወይ?" ብለው ሰልፍ ወጡ። ይህች ጥያቄ እስካሁን መልስ ያገኘች አይመስለኝም። ስለዚህ የ1960ው ቁጣ የቅናት ወይም የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ሾላን ያየ ዓይን ነው የፋሽን ትርኢቱን ያየው።

አሁን ከስድስት ኪሎ ወደኛው ሰፈር ልውሰዳችሁ፤ ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚያው በ1960 ዓ.ም. ጎጃም እየነደደ ነበር። አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ ገበሬው "መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊነጠቅ ነው" ብሎ ሸፈተ። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ወታደር ዘመተ፣ አውሮፕላን ሳይቀር መንደር ደበደበ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን ከጎጃም አነሡ፣ ውዝፍ ግብሩም ተማረ።

ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋችሁ እዩአቸው። በአንድ በኩል ግብር አልከፍልም ብሎ ጠመንጃ ያነሣ ገበሬ። በሌላ በኩል ከባሕር ማዶ በመጣ ልብስ ላይ እንቁላል የሚወረውር ተማሪ። የሁለቱ ጥያቄ ከሥሩ አንድ ነው፤ ይህን ሁሉ ድሎት ማን ይከፍለዋል? ከውጭ ለሚገባው መኪና፣ ለሽቶው፣ ለሐር ጨርቁ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ የሚገኘው ገበሬው ከሚያመርተው ቡና፣ ከቆዳው፣ ከቅባት እህሉ ነው። ተማሪዎቹ ይህን ሐሳብ በትክክል ይዘውታል።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

ችግሩ እንቁላሉ ያረፈበት ቦታ ነው። የቅንጦት ዕቃ አስመጪው ነጋዴ እዚያ ደጅ ላይ እንቁላል አልተወረወረበትም። በገበሬው ላብ አዲስ አበባ ላይ ፎቅ የሚሠራው ባለ ርስትም አልተነካም። ግብር የጫነው ባለሥልጣንም ልብሱ አልተበላሸም። የተበላሸው የሴቶች ልብስ ነው። በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የደረሱ ሴቶች በጣም ጥቂት ነበሩ፤ እያንዳንዷ ከስንት "ትዳርሽን ያዢ" ጋር ታግላ እዚያ እንደደረሰች አስቡት። "ኢምፔሪያሊዝም" የሚባለው ትልቅ ጠላት በአንዲት ልጅ ጉልበት ላይ ተገኘና ተዋጉት። ወንዶቹ ራሳቸው ምን ለብሰው ነበር? ሱሪና ኮት፣ የፈረንጅ ጫማ! ይህን የጠየቃቸው የለም።

ይህ ደግሞ የእኛ ብቻ በሽታ አልነበረም። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1961 ዓ.ም.፣ የታንዛኒያው ገዥ ፓርቲ የወጣቶች ክንፍ ዳሬሰላም ላይ በአጭር ቀሚስ፣ በዊግና በቆዳ ማንጫ ቅባት ላይ ዘመቻ ከፈተ። እዚያም በመንገድ ላይ እየተያዙ የተንገላቱት በብዛት ሴቶች ናቸው። ብሔራዊ ክብር በሴት ቀሚስ ርዝመት የሚለካበት ዘመን ነበር። ዘመኑ አልፏል ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ።

አሁን በዚያው ዓመት ሌላ አገር የሆነውን ልንገራችሁ። ጳጉሜን 2፣ 1960 ዓ.ም.፣ አሜሪካ፣ አትላንቲክ ሲቲ። የቁንጅና ውድድር አለ፤ "ሚስ አሜሪካ"። ሴቶች ተሰብስበው ከአዳራሹ ውጭ ተቃወሙ። ምን አደረጉ መሰላችሁ? አንዲት በግ አምጥተው ዘውድ ጫኑላት። ቁንጅናን እንደ ከብት ገበያ ካደረጋችሁት በጓም ትወዳደር ነው ነገሩ። ከዚያ ትልቅ የቆሻሻ በርሜል አቆሙና ተረከዘ ረጅም ጫማ፣ ጡት መያዣ፣ ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍት፣ የሴቶች መጽሔት ወረወሩበት። "ጡት መያዣ አቃጠሉ" የሚባለው በኋላ የተለጠፈባቸው ተረት ነው፤ በዕለቱ እሳት አልነበረም።

ልዩነቱን አያችሁት? ስድስት ኪሎ ላይ ወንዶች በሴቶች ላይ ወረወሩ። አትላንቲክ ሲቲ ላይ ሴቶች የራሳቸውን ዕቃ ወረወሩ። ቀልዱ የሚያስከፍለውን የከፈሉት ቀልደኞቹ ናቸው። እንዲያም ሆኖ ከመካከላቸው አንዷ፣ ካሮል ሃኒሽ፣ ብዙም ሳትቆይ የራሳቸውን ሰልፍ ተቸች፤ አንዳንዱ መፈክራችን ውድድሩን ሳይሆን ተወዳዳሪዎቹን የሚሰድብ ይመስል ነበር፣ እነሱ ግን ጠላቶቻችን አይደሉም አለች። ለእኔ ከበጓም በላይ ትልቁ ነገር ይኸ ነው። ሠርቶ፣ ስቆ፣ ማግሥቱን ደግሞ "ማንን ነካን?" ብሎ መጠየቅ።

ሌሎችም አሉ። በነሐሴ 1959 አቢ ሆፍማን የሚባል ሰው ከጓደኞቹ ጋር ኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰገነት ላይ ወጥቶ የአንድ አንድ ዶላር ኖት ቁልቁል በተነ። ታች ያሉት የገንዘብ ሰዎች ሥራቸውን ትተው ለለቀማ ተሻሙ! ከዚያ በኋላ ገበያው ሰገነቱን በመስታወት ጋረደው። ማንም አልተሰደበም፣ ማንም አልተመታም፤ ስግብግብነት ራሱ ወጥቶ ታየ፣ በቃ። በ1986 የገና ሰሞን ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የተወሰኑ ሰዎች የሚናገሩ አሻንጉሊቶችን ገዝተው የባርቢንና የወታደሩን አሻንጉሊት ድምፅ አቀያየሩና መልሰው ሱቅ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡ። ልጅ ሲገዛው ወታደሩ ስለ ገበያና ስለ ሠርግ ያወራል፣ ባርቢ ደግሞ ጦርነት ታውጃለች። ወላጅ ሁሉ ስቆ ሲያበቃ "ለመሆኑ ወትሮ ለልጄ የሚነግራት ምንድን ነው?" ብሎ አሰበ።

እኛ ዘንድስ? እኛ እኮ የቅኔ አገር ልጆች ነን። ጌታውን ፊት ለፊት በሰም እያወደሱ በወርቁ ልክ ማስገባት የአባቶቻችን ሙያ ነው። አዝማሪው ሸልማቱን ተቀብሎ ስስታሙን ሲሸነቁጠው ቤቱ ሁሉ ይስቅ ነበር፤ የተሸነቆጠውም አብሮ ከመሳቅ ሌላ ምርጫ የለውም። የዚህ ጥበብ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ደካማ ላይ ቅኔ አይዘረፍም። ከፍ ያለውን ነው የሚነካው። የ1960ዎቹ ልጆች ማርክስን አንብበው ሲመጡ ይህችን ሕግ ቤት ረስተዋት የመጡ ይመስለኛል።

ስለ ቀልድ ካነሣሁ አንድ የራሴን ተማሪዎች ሥራ ልጨምር። ጡረታ ሳልወጣ ነው። ዘንገናን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ከእንጅባራ ብዙ ሳይርቅ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ በደን የተከበበ ክብ ጥልቅ ሐይቅ። መኪና ይቆማል፣ ፎቶ ይነሣል፣ የውኃው ፕላስቲክ ጠርሙስ እዚያው ይጣላል። ልጆቹ ያን ጠርሙስ ለቀሙና አጠቡት። ክዳኑን ገጠሙ። በእጅ ጽሑፍ ወረቀት ለጠፉበት፤ "ንጹሕ የዘንገና አየር። 10 ብር። ጠርሙሱን ይዞ ለሄደ 10 ብሩ ይመለሳል።" በትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ቁጭ አሉ።

ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አንድ ወላጅ "በስንት ነው?" አሉ፣ ከምራቸው። ከዚያ ሌላው። አንዲት እናት ግን ጠርሙሱን አገላብጠው አዩና "ልጄ፣ አየሩንስ በነጻ አለን፤ ጠርሙሱን ማን ጣለው?" አሉ። የዓመቱ ምርጥ የታሪክ ጥያቄ እሳቸው ጠየቁ ብዬ ነው የማምነው። የሳቀም የተሳቀበትም አንድ ላይ ነበር፤ ተሳቅቆ ወደ ቤቱ የሄደ አንድም ሰው የለም። ልጆቹ ያን ቀን የለቀሙትን ያህል ጠርሙስ እኔ በምክር አስለቅሜ አላውቅም።

እንግዲህ ለዚያ ለጠየቀኝ ልጅ መልሴ ይኸ ነው። በሸቀጥ አምልኮ ላይ መቀለድ ኖሯል፣ አሁንም ያስፈልጋል። ዛሬ እንደ 1960ው የፋሽን ትርኢት ትኬት ቆርጦ አዳራሽ መግባት አያሻም፤ ትርኢቱ ኪስህ ውስጥ ነው፣ በስልክህ ቀኑን ሙሉ ይታያል። ለሠርግ ተበድሮ ለዓመታት ዕዳ የሚከፍል ሰው በየሰፈራችን አለ። እንጅባራ ላይ የቀርከሃ ወንበር ጎበዝ ሠሪ ተቀምጦ፣ በዓመቱ የሚሰበር የፕላስቲክ ወንበር "ዘመናዊ ነው" ብለን እንገዛለን። የሚቀለድበት ሞልቷል። ብቻ ከመወርወርህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ። የምስቀው በሻጩ ነው ወይስ በምስኪኑ ገዢ? ከኔ በላይ ባለው ነው ወይስ ከኔ በታች ባለው? ዋጋውን የምከፍለው እኔ ነኝ ወይስ ሌላ ሰው?

የ1960ዎቹን ተማሪዎች ለማውገዝ አልጻፍኩም። ስንቶቹ በኋላ ለአመኑበት ነገር ሕይወታቸውን ሰጥተዋል፤ ያን ያህል ለድሃ የቆረቆረው ትውልድ ጥቂት ነው። ግን የዚያን ቀን ታሪክ በብዛት የነገሩን የወረወሩት ወይም የወርዋሪዎቹ ወዳጆች ናቸው። የተወረወረባቸው ሴቶች ቃል በጣም ጥቂት ነው። ዛሬ በሕይወት ካሉ ሰባዎቹን አልፈዋል። በዚያ ቅዳሜ ወደ ራስ መኮንን አዳራሽ የገባች እናት፣ አክስት ወይም አያት ያላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው። ምን ለብሰው ነበር? ማን መታቸው? ማንስ አልፎ ሄደ? ጻፉት፤ ከፈቀዱ ደግሞ እዚሁ አካፍሉን።