ሆድ ይፍጀው የማያዋጣበት ሕመም

አማርኛችን ስለ ሆድና ስለ አንጀት ሲናገር አይታክትም። ያዘነ ሰው አንጀቱ ይላወሳል፤ የተደሰተ አንጀቱ ይርሳል፤ ምስጢር የያዘ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ያልፋል። አንጀት በእውነት ሲታመም ግን ይኸ ሁሉ ቃል የት እንደሚገባ አይታወቅም። ተቅማጥ፣ ደም፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲነሡ ማደር በጨዋ ፊት የሚወሳ ነገር አይደለምና «ትንሽ ሆዴን ያመኛል» ተብሎ ይዘለላል። ዛሬ የማነሣው ይኸው ዝምታ ከመንግሥት ፎርም ጋር ሲጋጠም የሚሆነውን ነው። ታሪኩ የአሜሪካ ነው፤ ከባለጉዳዮቹ አንዱ ግን የኛው ሰው ናቸው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በ1932 በኒውዮርክ ማውንት ሳይናይ ሆስፒታል ይሠሩ የነበሩ ሦስት ሐኪሞች፣ በሪል ክሮን፣ ሊዮን ጊንዝበርግና ጎርደን ኦፐንሃይመር፣ የ14 ሕሙማንን ታሪክ ይዘው በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ አንድ ጥናት አወጡ። የትንሹ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ያብጣል፣ ይቆስላል፣ ይወፍራል፤ መተላለፊያው ይጠብባል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ሕመም ብዙ ጊዜ የአንጀት ነቀርሳ እየተባለ ይታለፍ ነበር። የደራሲዎቹ ስም በፊደል ተራ ስለተጻፈ የመጀመሪያው ስም ለበሽታው መጠሪያ ሆኖ ቀረ፤ ዛሬ የክሮን በሽታ እንለዋለን። ሐኪሞቹ በጥናታቸው ሁለት ነገር አስተውለው ነበር፤ አንደኛው በሽታው በተለይ ወጣቶችን መያዙ፣ ሁለተኛው እየቆየ የሚሄድ መሆኑ ነው። እስከ ዛሬም ፈጽሞ የሚነቅለው መድኃኒት የለም። እንደ ክረምት ወንዝ ይሞላል፣ ይጎድላል። ወራት ሙሉ ጸጥ ብሎ ይከርምና በአንድ ሳምንት ሰውን ከአልጋ ይጥላል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1935፣ ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የሶሻል ሴኩሪቲን ሕግ ፈረሙ። ሕጉ ለሽማግሌ የሚሆን ጡረታ ነበረው፤ ታሞ ከሥራ ለወጣ ሠራተኛ ግን መድን አልነበረውም። ይኸንን ክፍተት ለመሙላት ከሃያ ዓመት በላይ ክርክር ተደረገ። የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ ቀላል የሚባል አልነበረም። ዕድሜ በልደት ማስረጃ ይታወቃል፤ «መሥራት አልችልም» የሚለው ቃል ግን በምን ይለካል? የአሜሪካ ሕክምና ማኅበርም ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነበር። በመጨረሻ በጁላይ 1956 የጆርጂያው ሴናተር ዋልተር ጆርጅ ያቀረቡት ማሻሻያ በሴኔቱ 47 ለ45 በሆነ ድምፅ አለፈ። ሁለት ሰዎች ሐሳባቸውን ቢለውጡ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር።

አጋጣሚ የምለው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር ራሳቸው የክሮን በሽታ ታማሚ ነበሩ። ጁን 9 ቀን 1956 ሊነጋጋ ሲል አንጀታቸው በመዘጋቱ በዋልተር ሪድ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። የታመመው ክፍል ሳይወጣ በጎኑ ሌላ መተላለፊያ ተበጀለት። የፕሬዚዳንት ሕመም ነውና ምስጢር ሆኖ አልቀረም፤ የአንጀታቸው ነገር በዓለም ጋዜጦች ላይ ተዘረጋ። ቀደም ብሎም በ1955 ልባቸውን ታመው በተኙ ጊዜ ስመ ጥሩው የልብ ሐኪም ፖል ደድሊ ኋይት ፕሬዚዳንቱ በደህና መጸዳዳታቸውን ሳይቀር ለሕዝብ ተናግረው ነበር። እንግዲህ ሆዳቸው በሕዝብ ፊት የተገለጠው እኚህ ሰው፣ ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ወር ሳይሞላቸው፣ ኦገስት 1 ቀን 1956 የአካል ጉዳት መድንን ሕግ ፈረሙ። በሽታው አስፈረማቸው ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም አስተዳደራቸው ይኸንን የሕጉን ክፍል ይቃወም ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በድጋሚ ተመረጡ። ባለ ሐኪም፣ ባለ አልጋ፣ ባለ ረዳት ሰው በዚህ በሽታ አገር ማስተዳደር እንደሚችል በዚህ ታወቀ። መሽቶ እስኪነጋ በሰዓት የሚከፈለው ሠራተኛስ?

የ1956ቱ ሕግ የሚከፍለው ከ50 እስከ 64 ዓመት ለሆነው ሠራተኛ ብቻ ነበር። በሽታው ግን ዘወትር የሚጀምረው በወጣትነት ነው። ስለዚህ በ25 ዓመቱ ከሥራ የወጣ የአንጀት በሽተኛ መዋጮውን ቢከፍልም አበሉን አያገኝም። የዕድሜው ገደብ የተነሣው በ1960 ነው፤ የፈረሙትም እኚያው አይዘንሃወር ናቸው። ጉድለቱ «ለረጅምና ላልተወሰነ ጊዜ» የሚቆይ መሆን አለበት የሚለው ቃልም በ1965 ቢያንስ ለ12 ወር በሚለው ተተካ። ለሚመጣና ለሚሄድ ሕመም ይኸ ለውጥ ትልቅ በር ነበር።

በሩ ግን ተመልሶ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር። በ1980 የወጣ ሕግ አበል ተቀባዮች በየጊዜው እንደገና እንዲመረመሩ አዘዘ። ከ1981 ጀምሮ ምርመራው በጥድፊያ ተካሄደና ወደ ግማሽ ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች «መሥራት ትችላላችሁ» ተባለ። ብዙዎቹ በይግባኝ አበላቸው ተመለሰላቸው። ጩኸቱ በዛና በ1984 ሌላ ሕግ ወጣ፤ ከእንግዲህ በሽተኛው በሕክምና መሻሻሉ ሳይረጋገጥ አበሉ አይቋረጥም ተባለ። በደንቡም ጊዜያዊ ጋብታ እንደ መዳን እንዳይቆጠር ተጻፈ። ለአንጀት በሽተኛ ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር የለም፤ በክረምት የሞላ ወንዝ በበጋ ስለጎደለ ደረቀ አይባልምና።

ይኸንን ሁሉ ታሪክ ለመመርመር ያነሣሣኝ በዋሽንግተን አካባቢ ለሃያ ዓመት ያህል ታክሲ ሲነዱ የኖሩ፣ ጋሼ የምላቸው አንድ ያገሬ ሰው ናቸው። የክሮን በሽታቸው ሲብስ መንዳቱን ተዉትና ፎርሙን እንድሞላላቸው ጠሩኝ። ከገጾቹ በአንዱ ላይ ሕመሙ አለባበስን፣ መታጠብን፣ መመገብን፣ በሽንት ቤት መጠቀምን እንዴት እንደሚያውክ የሚጠይቅ ቦታ አለ።

«ምን ብዬ ልጻፍ ጋሼ?»

«ሆዴን ያመኛል በል። ይበቃል።»

«በቀን ስንት ጊዜ ይመላለሳሉ?»

«ተው እንጂ ልጄ! ይኸም ይጻፋል?»

«እሱ ካልተጻፈ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።»

ጥቂት ዝም አሉ። «ደህና በሆንኩበት ቀን ስምንት ጊዜ፤ በከፋብኝ ቀን አልቆጥረውም። ተሳፋሪ መኪና ውስጥ ትቼ ሮጫለሁ፤ ሳልደርስም ቀርቻለሁ።» ይኸን ለሚስታቸውም አልነገሩም ነበር።

ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ደብዳቤው ተቀምጠው የሚሠሩት ቀላል ሥራ መሥራት እንደሚችሉ ይናገራል። ሃያ ዓመት ተቀምጠው ለሠሩ ሰው ይኸ ምን ማለት ነው? መቀመጡ አይደለም ያቃታቸው፤ በተፈለገ ጊዜ መነሣቱ ነው። የሐኪማቸውን መዝገብ አስወጥተን ስናየው ደግሞ ምክንያቱ ተገለጠልን። ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ባሏቸው ቁጥር ጋሼ እንደ ባህላችን «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ሐኪሙም «ሕመምተኛው ደህና ነኝ ይላል» ብለው ይጽፋሉ። ሰላምታችን ማስረጃ ሆኖ ተቆጠረብን።

መሥሪያ ቤቱ በሽታዎችን የዘረዘረበት መመዘኛ አለው። ለአንጀት በሽታ ከሚጠይቃቸው ምልክቶች መካከል ሄሞግሎቢን በዴሲሊትር ከ10 ግራም በታች መውረዱ፣ አንጀት ተዘግቶ ቢያንስ በ60 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል መተኛት የመሳሰሉት ይገኛሉ። በደምና በራጅ የሚታይ ሁሉ እዚያ ስፍራ አለው። ወደ ሽንት ቤት መሮጥ ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። እሱ የሚመዘነው ወደ በኋላ፣ «ይኸ ሰው ምን ሥራ ሊሠራ ይችላል?» በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ ደግሞ ተጽፎ መገኘት አለበት።

ስለዚህ ጋሼ ደብተር ያዙ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የቆዩበትን ደቂቃ በአማርኛ ይጽፋሉ፤ እኔ እተረጉማለሁ። ለሐኪማቸውም ሰላምታውን አስቀድመው ደብተሩን ያነቡላቸው ጀመር። በድጋሚ እንዲታይላቸው ያቀረቡት ጥያቄም ውድቅ ቢሆን ጉዳዩ ወደ አስተዳደር ሕግ ዳኛ ሄደ። ዳኛዋ ደብተሩን ካገላበጡ በኋላ ለቀረቡት የሥራ ነክ ባለሙያ አንድ ጥያቄ አቀረቡ። ከተፈቀደው ዕረፍት ውጭ፣ ሳይታሰብ፣ በየቀኑ ይኸንን ያህል ጊዜ ሥራውን ጥሎ የሚሄድ ሰው የሚቀጥረው ይኖራል? ባለሙያው «የለም» አሉ። አበሉ ተፈቀደ። ከማመልከቻው እስከ ውሳኔው ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ምጽዋት አገኙ የሚል ካለ ልብ ይበል። የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ከ1951 ጀምሮ በሶሻል ሴኩሪቲ ውስጥ ገብቷል፤ ጋሼም ከታክሲው ገቢ በየዓመቱ መዋጮ ከፍለዋል። የራሳቸውን ነው የጠየቁት።

በኛም አገር የጡረታ ሕግ የጤና ጉድለት አበል የሚባል አለ። የግል ድርጅት ሠራተኞችም በኛ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የዚሁ ተጠቃሚ ሆነዋል። አበሉ የሚገኘው እዚህም በሕክምና ማስረጃ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ሕመምተኛው ለሐኪሙ ከሚናገረው ቃል ይጀምራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይሉ የነበሩ አባቶቻችን ስለ መድኃኒት እንጂ ስለ አበል አላሰቡም። ነገሩ ግን ያው ነው። የፕሬዚዳንቱን አንጀት ነገር ዓለም ሁሉ ሲያነብ ማንም አላፈረም። የታክሲ ነጂው አንጀት ቢያንስ በአንድ ደብተር ላይ መጻፍ ይገባዋል።