አቅም በምን ይመሰከራል? የመኪና ባትሪ ታሪክና የምርጫው ጥያቄ በጋይንት ምድር



የዛሬው ንግግሬ ርእስ የመኪና ባትሪ አቅም ነው። ጉዳዩ የጋራዥ ብቻ ቢመስልም የታሪክ ጥያቄ አለበት። በባትሪው ሽፋን ላይ የተጻፈው ቁጥር ከየት መጣ? ምንንስ ይመሰክራል?

ለመልሱ መንደርደሪያ የሚሆን ሥርዓት በዚሁ በአካባቢያችን አለ። በአብነት ትምህርት ድጓ የተማረ በጋይንት ቤተ ልሔም ያስመሰክራል፤ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤት ዙር አምባ ነው፤ የአቋቋም ደግሞ ጎንደር። በድጓ ያስመሰከረ ሊቅ በዚያ ብቻ የአቋቋም መምህር አይባልም፤ ምስክርነቱ የሚጸናው በተፈተነበት ሙያ ነው። የባትሪም ቁጥር እንዲሁ ነው። በአንድ ፈተና የተገኘን ቁጥር ለሌላ ሥራ ማስረጃ ማድረግ ገዢውን ለኪሳራ፣ ሹፌሩንም በመንገድ ላይ ለማደር ይዳርጋል።

ዳግም የሚሞላውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። በእኛ ዘንድ ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ «ሴባስቶፖል» መድፍ ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዝ ዋናው ኃይል የሰው ክንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ካሚል ፎር የባትሪውን ሳህኖች በእርሳስ ውሁድ ለጥፎ አቅማቸውን አሳደገ። እ.ኤ.አ. በ1899 ቤልጅጋዊው ካሚል ዤናትዚ በባትሪ በሚሠራ መኪና በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ፈጠነ። በዚያ ዘመን ባትሪ መብራት ያበራ፣ መኪናም ይነዳ ስለ ነበር ዋናው ጥያቄ «ምን ያህል ጊዜ ይቆያል?» የሚል ነበር። «አምፔር ሰዓት» የሚባለው መለኪያ የሚመልሰውም ይህንኑ ነው።

ይሁን እንጂ የቤንዚን ሞተር በረታ። ወደ ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያው መኪና በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የዘመኑ ሞተሮች የሚነሡት በእጅ በሚዞር ብረት ነበር፤ ብረቱ ወደ ኋላ ሲመታ ክንድ ይሰብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 የካዲላክ ኩባንያ ቻርልስ ኬተሪንግ የፈለሰፈውን የኤሌክትሪክ ማስነሻ፣ ማለትም መካኒኮቻችን «ሞተሪኖ» የሚሉትን፣ በመኪኖቹ ላይ ገጠመ። በዚህ ጊዜ የባትሪው ሥራ ተለወጠ፤ ለረጅም ሰዓት ጥቂት ኃይል መስጠቱ ቀርቶ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ኃይል መስጠት ሆነ። የቀድሞው ሥራ መለኪያ ግን ከሽፋኑ ላይ አልወረደም።

ልዩነቱን በስሌት እንየው። 60 አምፔር ሰዓት ማለት በተለመደው ፈተና፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት፣ 3 አምፔር ለ20 ሰዓት ማለት ነው። 60 አምፔር ለአንድ ሰዓት ይሰጣል ማለት ግን አይደለም፤ ጀርመናዊው ፖይከርት እ.ኤ.አ. በ1897 እንዳሳየው በፍጥነት የሚራገፍ የእርሳስ ባትሪ ከአቅሙ ያነሰ ይሰጣል። በአንጻሩ ሞተሪኖው 200 አምፔር ለ3 ሰከንድ ቢስብ የሚወስደው ከአንድ አምፔር ሰዓት አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ለማስነሣት ወሳኙ የክምችቱ ብዛት ሳይሆን የአወጣጡ ብርታት ነው። ይህም የራሱ ምስክር አለው፤ የብርድ ማስነሻ አቅም፣ በምሕጻሩ ሲሲኤ ይባላል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ብርድ፣ ለ30 ሰከንድ፣ ከ7.2 ቮልት ሳይወርድ ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ይናገራል።

ይህ ለእኛ ምን ይፈይዳል? በደርግ ዘመን በቻይና ድጋፍ የተሠራው የወረታ–ወልድያ መንገድ በጉና ሥር አልፎ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት ነፋስ መውጫ ይዘልቃል። በዚያ ከፍታ በጥቅምትና በኅዳር ማለዳ የሞተር ዘይት ይወፍራል፤ የባትሪውም ኬሚካላዊ ሥራ ይዘገያል። ሞተሩ ብዙ በሚጠይቅበት ሰዓት ባትሪው ጥቂት ይሰጣል። ያው መኪና ወደ ስማዳ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ሙቀቱ የሳህኖቹን እርጅና ያፋጥናል። ደጋው የባትሪውን ብርታት፣ ቆላው ዕድሜውን ይወስዳል። ብዙ ጊዜ በቆላ የተጎዳው ባትሪ የሚጋለጠው በደጋ ማለዳ ነው።

እንግዲህ መራጩ በቅድሚያ የመኪናውን መመሪያ ይመልከት፤ ከዚያም መጠኑን፣ የፖዘቲቩን አቅጣጫ፣ የተመረተበትን ቀንና ሁለቱንም ቁጥሮች ያመሳክር። ደገኛ ለሲሲኤው ይበልጥ ይጠንቀቅ። ትልቅ ባትሪ ሞተሪኖ ያቃጥላል የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም፤ ቮልቱ እኩል እስከ ሆነ ድረስ ሞተሪኖው የሚስበው የሚያስፈልገውን ብቻ ነው።

ሦስተኛ ጥያቄም አለ፤ «ስንት ጊዜ ተራግፎ ይሞላል?» የሚል። መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ የመኪና ባትሪ ከሶላር ጋር ተገናኝቶ ለአምፖልና ለስልክ ይውላል። የማስነሻ ባትሪ ሳህኖች ብዙና ቀጫጭን ናቸው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲራገፉ ፈጥነው ያልቃሉ። ለዚህ ሥራ ሳህኑ ወፍራም የሆነ፣ በጥልቀት እንዲራገፍ የተሠራ ባትሪ ያስፈልጋል። በአምፔር ሰዓት ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ይችላሉ፤ በዕድሜ ግን አይተካከሉም። ለአምፖሉ ሲል ጥሪቱን ያወጣው ገበሬ የሚከስረው በዚህ ልዩነት ነው። ያለቀው ባትሪም እርሳስና አሲድ ይዞ በጓሮ ሲጣል ጉዳቱ ለልጆች ይተርፋል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል። ባለ 12 ቮልቱ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 0.72 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው፤ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ወደ 70 እጥፍ ይሆናል። ከዚህ ቁጥር ጋር አብሮ የሚነገረው የጉዞ ርቀትም የራሱ ፈተና ውጤት ነው፤ ፈተናው ግን የጉናን ዳገትና የማለዳ ብርድ አያውቅም።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ቁጥር ስታነቡ «ስንት ነው?» ከማለታችሁ በፊት «በምን ተፈትኖ?» በሉ። ምስክርነት የሚከበረው የት፣ በምን እንደ ተሰጠ ሲታወቅ ነው።