«አራሽ» እና «አሳራሽ»፦ የአንድ ግሥ ታሪክና የሴቶች ሥራ

በየካቲት 1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ አደባባይ ሲወጡ፣ መፈክሩ በሰዋስው ረገድ ሴትን አላገለለም። በአማርኛ ጾታው ያልተለየ ስም በተባዕት ይነገራልና፣ በመጨረሻው ላይ ያለው «-ኡ» ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከተማሪዎቼ አንዱ ይህን ሲያነሣብኝ ተቀብየዋለሁ። ችግሩ ከምዕላዱ ሳይሆን ከግሡ ነው።

በሰሜኑና በመካከለኛው ደጋ «ማረስ» በበሬ በሚጎተት ሞፈርና ቀንበር መሬት መገልበጥ ሲሆን ዕርፍ የሚጨብጠውም ወንድ ነው። ሴት ታርማለች፣ ትጎለጉላለች፣ በአጨዳና በውቂያ ትውላለች፣ ዘር ትመርጣለች፣ እህሉን በጎተራ ትጠብቃለች፤ ይህ ሁሉ ግን በአነጋገሩ «ማገዝ» ነው። ቋንቋው ከብዙው ሥራ አንዱን ነጥሎ ስሙን ለጠቅላላው ሰጠ፤ ሙያውም «እርሻ» ተባለ። (ሴት ያለ ማንም ክርክር «ታርሳለች» የምትባለው የወለደች ልጇን ስትንከባከብ ነው፤ በድምፅ መገጣጠም ላይ ታሪክ መገንባት ግን አይገባም።)

በርስት ሥርዓት ሴት ልጅም በአባቷም በእናቷም ወገን ርስት መውረስ ትችል ነበር። ባል የሌላት ባለርስት ግን በሬና ወንድ ያሻታልና መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች፤ ማለትም ታሳርሳለች። አድራጊውን ግሥ የነፈጋት ልማድ አስደራጊውን አልነፈጋትም። መፈክሩ ሳያስበው የሚነካትም እዚህ ላይ ነው። ለአራሹ የሚሰጠው መሬት የሚነሣው ከአሳራሹ ነው፤ ብዙ ጋሻ መሬት የያዘው መኰንንና አንድ ጥማድ ያላት መበለት ደግሞ በዚህ ቃል ሥር ጎን ለጎን ይቆማሉ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የገጠር መሬት አዋጅ ያረቀቁት ሰዎች ይህን የተገነዘቡ ይመስለኛል። አዋጅ ቁጥር 31 ጾታ ሳይለይ፣ በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ፤ ጣሪያውንም 10 ሄክታር አደረገ። በቅጥር ማሳረስን ሲከለክል፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ከክልከላው አወጣ። ደግ ድንጋጌ ነው። ሆኖም ሴትየዋን ወደ ሕጉ ያስገባት አራሽነቷ አይደለም፤ በልዩ ሁኔታ የተፈቀደላት አሳራሽነት ነው።

ከአዋጁ ይልቅ የከበዳት የገበሬዎች ማኅበር መዝገብ ነበር። መሬት የተደለደለው በቤተሰብ ስለ ሆነ የተመዘገበው በአብዛኛው አባወራው ነው። ያገባች ሴት የቱንም ያህል ብትሠራ በባሏ ስም ታልፋለች፤ የምትመዘገበው ስትፈታ ወይም ባሏ ሲሞት ነው። «አባወራ» የኦሮምኛው «አባ ወራ» ነው። በኦሮምኛ ጥንዱ ሙሉ ነው፤ ሚስት «ሃደ ወራ»፣ የቤቱ እናት፣ ትባላለች። የአማርኛው የመንግሥት አጻጻፍ ግን «እማወራ»ን በብዛት የሚሠራበት ቤቱን ብቻዋን ለምትመራ ሴት ነው። ቃሉ ሲሻገር ያገባችው ሴት ከጥንዱ ወጣች። ይህን የቃላት ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ለእኔ ይከብደኛል፤ በመዝገቡ ላይ የሌለች ሠራተኛ በማኅበሩ ስብሰባም ድምፅ የላትምና።

መዝገቡ እንደ ገና የተጻፈው በ1990ዎቹ ነው። ትግራይ ውስጥ የይዞታ ማረጋገጫው በቤተሰብ ኃላፊው ስም ተሰጠ። በአማራ ክልል ግን የባልና የሚስት ስም፣ ፎቶግራፋቸውም ጭምር፣ በአንድ ደብተር ላይ ሰፈረ። ደብተሩ የመረጠው ቃል «ባለይዞታ» ነው፤ ከማረስም ከማሳረስም የራቀ፣ ዕርፍ ማን እንደሚጨብጥ የማይጠይቅ ስም። ከፍቺ በኋላ ድርሻዋን በደብተር ያስከበረች፣ በሬ ግን የሌላት ሴት ዛሬም የእኩል አራሽ ትፈልጋለች፤ መሬቱን ምን እንዳደረገችው ስትጠየቅም የምትመልሰው «አሳርሰዋለሁ» ብላ ነው።