ሮቢትና ሮቦት

የተወለድኩባት ከተማ ሮቢት ትባላለች። ከወልዲያ ወደ ቆቦ የሚወስደው ጎዳና ያቋርጣታል፤ ዙሪያዋን የማሽላ ማሳ ከብቧታል፤ በስተምሥራቅ የዞብል ተራሮች ይታያሉ። አዲስ አበባ ስማር ጓደኞቼ «የሮቦት አገር ሰው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ የቃሉን ምንጭ ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ።

ቃሉን ለዓለም ያስተዋወቀው የቼክ ደራሲ ካሬል ቻፔክ ነው፤ በ1913 ዓ.ም. ፕራግ ላይ በታየው ቲያትሩ። ስሙን ያወጣለት ሠዓሊው ወንድሙ ዮሴፍ ነው። «ሮቦታ» በእነርሱ ቋንቋ ጭሰኛ ለጌታው ያለ ደመወዝ የሚሠራው የግዴታ ሥራ ነው። ለአያቶቻችን ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ የሁዳድ ሥራ ማለት ነው። በቲያትሩ ውስጥ ያሉት ሮቦቶችም የብረት ሣጥኖች አይደሉም፤ ሰው መስለው፣ የሰውን ድካም እንዲሸከሙ የተፈበረኩ ፍጡራን ናቸው። እንግዲህ ከጅምሩ ጥያቄው «ማሽኑ ምን ይችላል?» ብቻ አልነበረም። «ማንም የማይፈልገውን ሥራ ማን ይሥራው?» የሚልም ነበር።

እኔ ከዚህ ጥያቄ ጋር የተዋወቅሁት በመጽሐፍ አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ጦርነቱ በወሎ ሲያልፍ ልጅ ነበርኩ። ጦሩ ሄደ፤ ብረቱ ማሳ ውስጥ ቀረ። አያቴ ማሽላ ሲያርም የማያውቀው ብረት አጋጠመው። አልነካውም። ከእናቴ አሮጌ ቀሚስ ቀይ ቁራጭ ቀድዶ አጠገቡ ባለ ቁጥቋጦ ላይ አሰረና «ልጆቼ፣ ብረት ዘመድ የለውም። ከዚህ ጨርቅ ወዲያ እንዳታልፉ» አለን። ያች ቁራሽ መሬት ጦሟን አደረች። በኋላ ከውትድርና የተመለሰ አንድ ጎልማሳ በሆዱ ተኝቶ አፈሩን በእጁ እየጠረገ አወጣው። መንደሩ ሁሉ ከሩቅ ቆሞ ያይ ነበር፤ እኔም ከመንደሩ ጋር። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለው ተረት የገባኝ ያን ቀን ነው።

ኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት፣ ኃያሉ የሶቪየት መንግሥትም የተለየ መፍትሔ አልነበረውም። ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. የቼርኖቢል የኒውክሌር ማመንጫ ፈነዳ። ጣሪያው ላይ የተበተነውን መርዘኛ ፍርስራሽ እንዲጠርጉ ማሽኖች ወጡ። ከምዕራብ ጀርመን የመጣው «ጆከር» የተባለው ሮቦት ጨረሩን አልቻለም፤ ቆሞ ቀረ። በ1979 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከ3 ሺሕ የሚበልጡ ወታደሮች አካፋ ይዘው በየተራ ወጡ። አንዱ ተራ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም ነበር። የወጣላቸው ስም «ባዮ ሮቦት» ነው፤ ሥጋ የለበሰ ሮቦት እንደማለት። ማሽኑ ሲያቅተው ሰው የማሽኑን ስም ወርሶ ገባ።

መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ስትመታ፣ የፉኩሺማ ማመንጫ ተራው ደረሰ። በሰንሰለት ጎማ የሚሄዱ ሮቦቶች ገቡ። «ኩዊንስ» የተባለው የጃፓን ሮቦት ግን የሚጎትተው ገመድ ተይዞበት ሕንፃው ውስጥ ቀረ። ሰው መሰል ሮቦት ያስፈልጋል የሚለው ክርክር የጠነከረው ያኔ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ በሩ፣ ደረጃው፣ የቧንቧው መዝጊያ ሁሉ የተሠራው ለሰው እጅና እግር ነው። በ2007 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ውስጥ በተካሄደው ውድድር ሮቦቶች መኪና እንዲነዱ፣ በር እንዲከፍቱ፣ ግድግዳ እንዲበሱ፣ ደረጃ እንዲወጡ ተጠየቁ። ብዙዎቹ እንደ ሰካራም ተዘረሩ። የደቡብ ኮሪያው ሁቦ 8ቱንም ሥራ ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨርሶ 2 ሚሊዮን ዶላር ተሸለመ።

እኛስ? ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በ1993 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፈንጂ ማምከኛ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ተንበርክከው መሬቱን ስንዝር በስንዝር የፈተሹት የአገሬ ልጆች ነበሩ፤ የሠለጠኑ ውሾችም አብረዋቸው። በ2010 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣቶች እጃቸው ያለባት ሶፊያ የተባለች ሰው መሰል ሮቦት መዲናችንን ጎበኘች። በአድናቆት ተቀበልናት። የእኛ ልጆች ለሮቦት አእምሮ መሥራት ከቻሉ፣ ለፈንጂ የሚሆን እጅ መሥራት ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም። እውነቱን ለመናገር የራያ ማሳ በር የለውም፤ ደረጃም የለውም። ለእኛ መልክና ፈገግታ ያለው ሮቦት አያስፈልገንም። ከሩቅ የሚታዘዝ፣ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ ረጅም እጅ ያለው ማሽን ይበቃናል።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የቆየው ጦርነት ራያ ቆቦንም የውጊያ ሜዳ አድርጓት አልፏል። ከዚያ በኋላ ሮቢት ስሄድ በአንድ ማሳ ዳር፣ ቁጥቋጦ ላይ የታሰረ ቀይ ጨርቅ አየሁ። ማን እንዳሰረው አልጠየቅሁም። አጠገቤ ያለ እረኛ ልጅ ግን «ጋሼ፣ በዚያ አይታለፍም» አለኝ።

አያቴ ካረፈ ቆይቷል። ጨርቁ ግን እስከ ዛሬ ሥራ አልፈታም። ያን ሁዳድ የሚረከበው ማሽን እስኪመጣ ድረስ፣ ከጨርቁ ወዲያ ማን ይግባ?