ጃዝ፣ ሩጫና የባቲ ዕዳ

በአንድ የመኝታ ክፍል አራት ሆነን እንኖራለን። አራታችንም የጃዝ ወዳጆች ነን፤ አራታችንም ከትምህርታችን ይልቅ ስለ ሩጫና ስለ ኳስ እናወራለን፤ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ አራታችንም ሻይ የምንጠጣው በዱቤ ነው። ማታ ማታ መብራት ካልጠፋ የሙላቱ አስታጥቄን ቫይብራፎን ወይም የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ከፍተን፣ «አበበ ቢቂላና ዱክ ኤሊንግተን ቢገናኙ ኖሮ ምን ያወሩ ነበር?» እያልን ፍሬ ከርስኪ እንጫወታለን።

አንድ ማታ ከጎረቤት ክፍል አንድ የደሴ ልጅ ገባ። ጥቂት አዳመጠና፣ «ይኼ እኮ የሆቴል ሙዚቃ ነው፤ እኛ አገር ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ አዲስ አበባ ይጨፈርበት የነበረ ነው» ብሎን ወጣ። ተናደድን። «ጃዝ የት ይገባዋል!» ተባባልን። በማግሥቱ ግን ቁጣው በረደና ጥያቄው ቀረ። ልጁ እውነቱን ይሆን እንዴ? ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የቆፈርነው መልስ ነው። አስቀድመን እንናገር፦ መልሱ ግማሹ ለእኛ፣ ግማሹ ለእሱ ይፈርዳል።

በመጀመሪያ ለእኛ የሚፈርደውን እናንሣ። የጃዝ አገሩ አሜሪካ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማ፣ በባርነት የተጋዙት አፍሪካውያን የልጅ ልጆች ማርሽ የሚነፋበትን ጥሩምባ ወስደው አለቀሱበት፣ ሣቁበትም። ለሰልፍ የተሠራውን ዕቃ ለራሳቸው ወሬ አዋሉት። በእኛ አስተያየት ጃዝ ማለት ይኸው ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው።

እኛም ዘንድ ጥሩምባው የገባው በሰልፍ በር ነው። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ ወላጆቻቸውን በግፍ ያጡ 40 የአርመን ልጆች ማርሽ ሲጫወቱ ሰሙ። ልጆቹ ወደ አዲስ አበባ መጥተው «አርባ ልጆች» ተባሉ። የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን በንጉሡ ዘመን ይዘመር የነበረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ደግሞ ክቡር ዘበኛው፣ ጦር ሠራዊቱና ፖሊሱ የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ጥላሁን ገሠሠ የገነነው በክቡር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ የወጣው ከፖሊስ ኦርኬስትራ ነው። እንግዲህ ዘመናዊ ሙዚቃችን መለዮ ለብሶ ያደገ ልጅ ነው ብንል አልዋሸንም።

ታዲያ ከዚያው ከክቡር ዘበኛ ሰፈር ሌላም ሰው ወጥቷል። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ልክ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ወታደር አበበ ቢቂላ የሮምን ማራቶን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰኮንድ ጨረሰ። ከሞሮኮው ራዲ ጋር ጎን ለጎን ብዙ ከሮጠ በኋላ ጥሎት የሄደው የት እንደ ሆነ የማያውቅ ካለ ይወቀው፦ የሙሶሊኒ ጦር ከአክሱም ዘርፎ ሮም ካቆመው ሐውልት አጠገብ ነው። ሐውልቱ ራሱ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። እኛ ይህን ሩጫ ጃዝ ነው እንለዋለን። ጥሩ ሶሎ የሚጫወት ሰው ገና ሲጀምር አይጮኽም፤ ሌላውን እያዳመጠ ይቆይና የራሱ ቦታ ሲደርስ ይገባል። አሯሯጡን ያሠለጠነው የስዊድኑ ኦኒ ኒስካነን ነው፤ የት እንደሚገባ ያወቀው እግር ግን የአበበ ነው።

ስለ ኳስም አንድ ነገር ካላልን አይሆንልንም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ፣ በአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ግብፅ ሁለት ጊዜ መራችን፤ ሁለት ጊዜ አቻ ሆንን። በተጨማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 አለቀ። አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይመልሳል፤ ይኼም ሙዚቃ ነው። ከመካከላችን አንዱ «ሁሉን ነገር ጃዝ ልትሉት ነው እንዴ?» ሲል ቢቃወምም በድምፅ ብልጫ አልፏል።

ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። በጅማ የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ ምሕንድስና ይማራል ተብሎ ወደ እንግሊዝ አገር ተልኮ ሙዚቃ ተማረ፤ ከዚያም ቦስተንና ኒው ዮርክ ኖሮ ተመለሰ። ያመጣው ሐሳብ ሲነገር ቀላል ነው፦ ዜማው በአምስቱ ድምፆች፣ በራሳችን ቅኝት ይሂድ፤ ከሥሩ የሚደገፍበት ስምም የጃዝ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒው ዮርክ ባሳተመው ሸክላ ላይ «ኩሉን ማን ኳለሽ» የተባለው የሠርግ ዘፈን በዚህ መንገድ ገብቶበታል። ጌታቸው መኩሪያም ሽለላውንና ፉከራውን ከጀግናው አፍ ወስዶ ለሳክስፎን ሰጠው። ነጋዴው አምኃ እሸቴ በበኩሉ፣ ሸክላ የማሳተም ሥልጣን በዐዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ደፍሮ የራሱን ማሳተም ጀመረ፤ ሸክላዎቹ ሕንድና ሊባኖስ እየታተሙ ይመጡ ነበር። የሰልፉ ዕቃ እዚህም ለራስ ወሬ ዋለ ማለት ነው። ስለዚህ «ጃዝ የባዕድ ነው» ለሚለን ሁሉ መልሳችን ይህ ነው።

ግን የደሴው ልጅ «የባዕድ ነው» መቼ አለን? «የሆቴል ነው» ነው ያለን። እዚህ ላይ ነው መልሱ ወደ እሱ የሚያዘነብለው።

እስቲ ጥቅምትንና ኅዳርን 1966 ዓ.ም. እንያቸው። ጥቅምት 8 ቀን የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያነሣው የረኃብ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ። በዚያ ረኃብ ያለቀው ሰው ግምት ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ነገሩ ጨርሶ አልተሰማም እንዳይባል፣ በ1965 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲው መምህራንና ተማሪዎች ከወሎ ፎቶግራፍ አምጥተው በግቢያቸው አሳይተው ነበር። ጥቅምት 15 ቀን፣ በመኪና አደጋ ሽባ ሆኖ የቆየው አበበ ቢቂላ ሞተ። በኅዳር ደግሞ ዱክ ኤሊንግተን ኦርኬስትራውን ይዞ አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ሸለሙት፤ ሙላቱም አብሮት ተጫወተ። ለእኛ ለጃዝ ወዳጆች ያቺ ኅዳር የታሪካችን ሠርግ ናት፤ ፎቶግራፏን ስናይ ደስ ይለናል። ለደሴው ልጅ አያቶች ግን የለቅሶ ወር ነበረች።

ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ይኸውና። ቅኝቶቻችን ስማቸው ማን ነው? ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ባቲ በሰኞ ገበያዋ የታወቀች የወሎ ከተማ ናት። አምባሰልም የወሎ አገር ነው። እናፍራለንና እንናገር፦ ከአራታችን ባቲ የከተማ ስም መሆኑን የሚያውቅ አንድ ብቻ ነበር! እንግዲህ አዲስ አበባ የራሷን ጃዝ ስትሠራ፣ ዜማዋን የቀዳችው ያን ጊዜ ሰው ከሚያልቅበት አገር ነው። ስማቸውን በየምሽቱ የምንጠራቸው ቦታዎች እህል አጥተው ነበር። ብድር የወሰደ ሰው ያበዳሪውን ቤት አለማወቁ ነውር አይደለም ወይ?

ታዲያ ሙዚቀኛውን እንወቅሰው? አንወቅሰውም። ደሞዙን የሚጠብቅ፣ የታዘዘበት የሚጫወት ሠራተኛ ነበር፤ እህሉን የደበቀው እሱ አይደለም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሡ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ የዲምብልቢ ፊልም የቤተ መንግሥቱ ድግስ እየተቀላቀለበት በአገራችን ቴሌቪዥን ታየ። ሕዝቡም ተቈጣ። ነገር ግን ድግሱን የነቀፈው አዲሱ መንግሥት ረኃቡን አላስቀረውም፤ በ1977 ዓ.ም. ወሎ ዳግመኛ አለቀች። የቀረው ሌሊቱ ነው። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ሆቴል የገባ ሰው እስኪነጋ መውጫ አልነበረውም፤ ባንዶቹም እስኪነጋ ይጫወቱ ነበር። የዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ሄዶ ከፊሉ እዚያው ቀረ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ ብቻውን አኮርዲዮን ይዞ አንድ ካሴት ቀረጸ፤ ከዚያም ለዓመታት ታክሲ ነዳ፤ ደንበኛ እስኪመጣ ኪቦርዱን ከመኪናው አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱን ዓለም ያወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ነው። ያገራችንን የድሮ ሸክላ ሰብስቦ ያሳተመልንም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። ምስጋናችን ብዙ ነው፤ ግን የራሳችንን ነገር ሁልጊዜ ሌላ ሰው አንሥቶ ይስጠን?

ፍርዳችን እንግዲህ ይህ ነው። ጃዛችን የሆቴል ብቻ አይደለም፤ ሥሩ ሰኞ ገበያ ነው። የደሴው ልጅ ግን ልክ ነው፦ ሥሩን ረስተን ቅርንጫፉ ላይ ስንጨፍር ቆይተናል። «ወርቃማ ዘመን» እያልን የምንጠራውን ዘመን ወርቅ ነው ብለን ብቻ ማለፍ አንችልም፤ ወርቁ ከማን እንደ ተበደርነው መናገር አለብን።

ከዚህ በኋላ ልጁን ሄደን ጠራነው። ሻይ አፈላን (ስኳሩ የእሱ ነው)። በባቲ ቅኝት የተሠራ አንድ የሙላቱን ዜማ ከፈትንለት። ዝም ብሎ አዳመጠና፣ «ይቺንማ አያቴ ስትፈትል ታንጎራጉራት ነበር፤ ግጥሟ ግን ሌላ ነው» አለን። ግጥሙን ንገረን አልነው። ሁለት ስንኝ ካለ በኋላ ጠፋበት። «እሷ ታውቀዋለች» አለ።

አያቱ በሕይወት አሉ። ለክረምቱ ዕረፍት አምስት ሆነን ለመሄድ የመኪና ገንዘብ ማጠራቀም ጀምረናል፤ በዚህ ወር ሻዩን በዱቤም አልጠጣንም። ከአንባብያን መካከል የድምፅ መቅጃ የሚያውሰን ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ይንገርልን። ስንመለስ ግጥሙን ሙሉውን ይዘን እንጽፋለን።