የውሃ ማጣሪያ ሜምብሬን እርጅና

የውሃ ማጣሪያ ሜምብሬን እርጅና፣ ውሃ የሚያጣራ ሰው ሠራሽ ስስ ሽፋን ከጊዜ ብዛት የማጣራት ችሎታውንና ጥንካሬውን የሚያጣበት ሂደት ነው። ከዋና ዋና መንስኤዎቹ አንዱ ሽፋኑ ሲደፈን ለማጽዳት የሚውለው ኬሚካል ራሱ ነው።

የማጽጃ ኬሚካሎች

ኮስቲክ ሶዳ የኦርጋኒክ ቆሻሻን፣ ሲትሪክ አሲድ የካልሲየምና የብረት ክምችትን፣ በረኪና (ሶዲየም ሃይፖክሎራይት) ደግሞ ረቂቅ ተሕዋስያንን ያስወግዳሉ። አሲድና በረኪና ከተቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚፈጠር በየተራ እንጂ በአንድነት አይጨመሩም።

የጉዳቱ ምንነት

ከፖሊኢተርሰልፎን በተሠሩ ሜምብሬኖች ላይ በረኪና ሽፋኑ ከውሃ ጋር እንዲስማማ የተጨመረውን ንጥረ ነገር እየሰባበረ ያወጣል። ቀዳዳዎቹ ስለሚሰፉ ፍሰቱ የተሻሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ሽፋኑ ይሰባበራል፣ ቀድሞ ያስቀር የነበረውንም ያሳልፋል።

በሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚያገለግለው ፖሊአሚድ ክሎሪንን ፈጽሞ አይቋቋምም ማለት ይቻላል። ጉዳቱ የሚለካው የክሎሪንን መጠን በቆይታው ሰዓት በማባዛት ነው። በተለመደው ግምት በሊትር 1 ሚሊግራም ክሎሪን ያለው ውሃ ከ200 እስከ 1,000 ሰዓት ውስጥ ሽፋኑን ይጎዳል። በሊትር 0.5 ሚሊግራም ክሎሪን ባለው የቧንቧ ውሃ ይህ ከ17 እስከ 83 ቀን ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ውሃው አስቀድሞ በአክቲቭ ካርቦን ያልፋል።

በደጋማ አካባቢዎች

የሪቨርስ ኦስሞሲስ አምራቾች ፍሰትን የሚገልጹት አብዛኛውን ጊዜ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ውሃ ሲቀዘቅዝ ስለሚወፍር፣ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲቀንስ ፍሰቱ በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ እንዳለችው ደብረ ታቦር ባሉ ቀዝቃዛ ቦታዎች ይህ ቅናሽ መደፈን ሊመስል ይችላል። ሙቀቱ ሳይታሰብ የሚደረግ እጥበት ያልቆሸሸውን ሜምብሬን ያለ ጥቅም ያስረጃል።

ከጉና ተራራ አካባቢ ተነሥተው ወደ ጣና ሐይቅ የሚፈሱት ርብና ጉማራ በክረምት ብዙ ደለል ይሸከማሉ። እንዲህ ያለ ውሃ ወደ ሜምብሬን ከመግባቱ በፊት ቢዘቅጥና በአሸዋ ቢጣራ የኬሚካል እጥበቱ ይቀንሳል፤ የሜምብሬኑም ዕድሜ ይረዝማል።